ግብር ላስቀንስ ሄጄ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከቤቱ ልጀምርላችሁ። ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለን።

ወሎ፣ ቦረና፣ መካነ ሰላም ከተማ ላይ አያቴ ያሠራው አንድ የድንጋይ ቤት አለን። አያቴ ነጋዴ ነበር። ቁልቁል ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም፣ ሽቅብ በአቀስታ አድርጎ ደሴ፣ ዕድሜውን ከበቅሎ ኋላ ሲመላለስ ኖሮ ከንግዱ የተረፈችውን ሁሉ እዚህ ቤት ላይ አፈሰሳት። ቤቱ ምድር ቤትና ፎቅ ነው። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ሆኖ በጣም ከመወፈሩ የተነሳ መስኮቱ ላይ ሰው ተመቻችቶ ይቀመጥበታል። ወለሉ የጽድ ሳንቃ ነው፤ የበሩ መቃን ወይራ ነው። ፊት ለፊቱ የገበያውን መንገድ ቁልቁል የሚያይ የእንጨት ሰገነት አለው። አያቴ ሸምግሎ ጉዞ ካቆመ በኋላ በገበያ ቀን እዚያ ሰገነት ላይ ተቀምጦ የሚያልፍ የሚያገድመውን በስሙ እየጠራ ቡና ጠጣ ይል ነበር። እናቴ ዛሬም ፎቁ ላይ ትኖራለች። ምድር ቤቱን ለአንድ ልብስ ሰፊ አከራይታዋለች፤ ኪራይ ከፋይ ከመሆኑ ይልቅ ቤተሰብነቱ ያይላል። በረመዳን ከእሱ ቤት ሾርባ ይወጣል፣ በፋሲካ ከእኛ ቤት ዶሮ ይወርዳል። የወሎ ነገር ነው፣ ታውቁታላችሁ።

ቅርስ ሲባል እኛ አገር ዓይን የሚሄደው ወደ ታላላቆቹ ነው፤ መሄዱም ተገቢ ነው። ሳይንት ላይ ተድባበ ማርያም አለች። ዓባይን ሲሻገሩ መርጡለ ማርያም፣ ንግሥት እሌኒ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በውብ ጥርብ ድንጋዩ እስከ ዛሬ ቆሟል። ተንታ በኩል መቅደላ አምባ ላይ የቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ተጋድማለች። ደሴ ላይ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አለ፤ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረውም ቤት የደሴ ሙዚየም ሆኗል፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መዘረፉን የማያውቅ ወሎዬ የለም። እነዚህን ሁሉ መንግሥትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ አገር ጎብኚም በስማቸው ይጠራቸዋል። በመካከላቸው ግን ከተማውን ከተማ ያደረጉት፣ ነጋዴው፣ ቃዲው፣ ቀኛዝማቹ ያሠሯቸው፣ ስም የሌላቸው የድንጋይ ቤቶች አሉ። ለእነሱ ከባለቤቱ ሌላ የሚያስብላቸው የለም፤ ባለቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጡረተኛ ወይም መበለት ነው።

የእኛ ቤት ሕመም የጀመረው በአባቴ ዘመን ነው። ያኔ ሲሚንቶ የሥልጣኔ መልክ ነበር፤ ቤቱን ያከበረ መስሎት በስተሰሜን ያለውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሲሚንቶ አስለሰነው። ለጥቂት ዓመት አማረበት። ከዚያ ግድግዳው መሀሉ ላይ ሆዱ እየተነፋ መጣ፤ ማዕዘኑ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አስመጣሁ፤ አባቱም ግንበኛ ነበር። ገና ቤቱን እንዳየ ምንም አልተናገረም። ጫማውን አወለቀና ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ጆሮውን አስጠግቶ በመዶሻው እጀታ ኳ ኳ አደረገው። ከዚያ በመሮ የመዳፍ ያህል ልስን ፈነቀለ። ከውስጥ ጭቃ ወጣ፤ እርጥብ ጭቃ። ወሩ መጋቢት ነው፣ ካፊያ እንኳ የለም። ጭቃውን በሁለት መዳፉ መሀል አድቦልቡሎ ድንጋይ ላይ ጣለው፤ ጠፍ ብሎ ተለጠፈ።

«አየኸው አይደል፣ ልጄ? ውኃውን አስገብቶ በሩን ዘግቶበታል» አለኝ።

የጭቃና የኖራ ግንብ ይተነፍሳል፤ ክረምት የጠጣውን በጋ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያስቀራል፤ ጭቃው ይሟሟል፣ ድንጋዩ መያዣ ያጣል። ይህ በእኛ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የጎንደርን አብያተ መንግሥት ሲጠግኑ ሲሚንቶ ስለተጠቀሙ፣ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ያንን እያነሱ በኖራ መመለስ ነበረባቸው። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነውና ለእርሱ ባለሙያ መጣለት። የእኛ ማዕዘን ግን ያው ለእኔና ለሽማግሌው ቀረ። ማዕዘኑን ፈትቶ እንደገና መገንባት፣ የሰገነቱን ወራጅ መቀየር፣ ያረጀውን ቆርቆሮ ማንሳት፣ ተደማምሮ 60 ሺሕ ብር አለኝ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላልና ክረምት ሳይገባ እንጀምር ተባባልን።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው በስልክ ነው። ዋሽንግተን የምትኖር የአክስት ልጅ አለችኝ። የምትሠራው ዩ ስትሪት አካባቢ፣ የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች ከሞሉበት ሰፈር ነው። የቤቱን ነገር ስነግራት ብድግ አለች። «እዚህኮ አሮጌ ሕንጻ ያደሰ ሰው ግብር ይቀነስለታል! የምሠራበት ሕንጻ ባለቤት ያን ሁሉ ጡብ ያስጠገነው በዚያ ነው። እዚያም ሳይኖር አይቀርም፣ ሂድና ጠይቅ» አለችኝ።

እኔ አንድ ነገር ከሰማሁ እንቅልፍ የለኝም። ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። ነገሩ እውነት ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1976 ለታሪካዊ ሕንጻዎች በግብር ሕጋቸው ማበረታቻ አስገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ዛሬ ያለውን መልክ ያዘ። በታሪካዊነቱ የተመዘገበ ሕንጻ ያለው ሰው፣ ሕንጻው ገቢ የሚያስገኝ ከሆነ፣ ለእድሳት ካወጣው ወጪ 20 በመቶው ከሚከፍለው ግብር ላይ ይነሳለታል። ልብ በሉ፣ የሚነሳው ከገቢው አይደለም፣ ከራሱ ከግብሩ ነው። አንድ ሚሊዮን ዶላር ያወጣ ሰው ሁለት መቶ ሺሕ ዶላር ግብር ይቀርለታል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ሕግ መሠረት ደግሞ ይህ ለአምስት ዓመት ተከፋፍሎ ይታሰባል። በነጻ የሚሰጥ ግን አይደለም። የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤታቸው ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያያል፤ የተበላሸውን ጠግን እንጂ አትጣል፣ ከተካህም በአምሳያው ተካ ይላል። ይህን ሳነብ ሽማግሌው ግንበኛ ትዝ አለኝ፤ ያለው ይህንኑ ነው። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ቤት ግን አይካተትም። በዚህ መንገድ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕንጻዎች፣ የድሮ ፋብሪካዎች፣ ትያትር ቤቶች፣ የገበያ ሱቆች ከመፍረስ ተርፈው ሰው ይኖርባቸዋል፣ ይነግድባቸዋል።

ጠዋት ለእናቴ በደስታ ነገርኳት። ቡናዋን እየቀዳች አዳመጠችኝና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች። ቀጥላም «ግን ጠይቅ፤ መጠየቅ አይከለከልም» ብላ መረቀችኝ።

ግንቦት 2011 ነው። ማመልከቻ ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ ጥንታዊ ቤት ለማደስ የሚወጣ ወጪ ከግብር ላይ እንዲታሰብልኝ ስለመጠየቅ» ብዬ፣ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። የቦታውን ካርታ፣ የቦታ ግብር የተከፈለባቸውን ደረሰኞች፣ አያቴ ሰገነቱ ላይ ተቀምጦ የተነሳውን ፎቶ ጨምሬ በፌስታል ያዝኩና ግብር ወደሚሰበስብ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፤ የሰዎቹ ጥፋት አይደለምና።

ሰልፍ አለ። ባለ ሱቁ፣ ባለ ወፍጮው፣ ባለ ሻይ ቤቱ፣ ሁሉም የሚተዋወቅ ነው። ተራዬ ደርሶ ማመልከቻዬን በመስኮቱ ሰጠኋት። ልጅቱ ጨዋ ነች፤ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያ ጎኗ ላለችው አሳየቻት። ያችኛዋ ድምፅዋ ትልቅ ነው። «ቤት አድሼ ከግብር ይቀነስልኝ ያሉት የትኛው ናቸው?» ስትል አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። እጄን አነሳሁ፤ ምን ላድርግ? ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው «ልጄ፣ የእኔም ጎጆ አርጅታለች፤ ስታወጣ ለእኔም አንድ ጻፍልኝ» አሉ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ልጅቱ ወንበር ስባ ውስጥ አስገብታ አስቀመጠችኝ፤ ከአለቃዋ ክፍል ገብታ ቆየች፤ ተመለሰች። እስክትመለስ ድረስ ፌስታሌን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ የሰው ዓይን እያረፈብኝ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር ከላይ እስከ ታች ጨረስኩት።

«እንዲህ ያለ አሠራር የለም፣ ጋሼ» አለችኝ። ቀጥላ ፎቶውን አነሳችና አየችው። «ታችኛው ምንድን ነው? ሱቅ ነው?»

«አዎን፣ ልብስ ሰፊ አለበት።»

«ይከራያል ማለት ነው። የኪራይ ገቢ ግብር ፋይል አላችሁ?»

እዚህ ላይ የማወራው አልነበረኝም። ልብስ ሰፊው ገና መግባቱ ነው፤ ውል የሚባል አልተጻፈም፤ ኪራዩን ለእናቴ በእጇ ነው የሚሰጣት። ልጅቱ ቅጽ አወጣች። የባለቤት ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የወር ኪራይ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር። በጥሩ እጅ ጽሑፍ ሞላችው፤ እኔም ፈረምኩ። ከዚያ መሥሪያ ቤት ስወጣ ማመልከቻዬ «ተቀባይነት የለውም» ተብሎ ተመልሶልኛል፣ እናቴ ደግሞ ግብር ከፋይ ሆናለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ያለው ሰው እኔን ሰልፉ ውስጥ ያየኝ ይመስለኛል። ማታ ቡና ላይ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ስም አወጣልኝ፦ «ቅርሱ»። እስከ ዛሬ ቅርሱ መጣ፣ ቅርሱ ሄደ ነው። ልብስ ሰፊው ብቻ «አብሽር፣ ግብሩ በእኔ ነው» ብሎ አጽናናኝ፤ እናቴ እሺ አላለችውም።

ያቺ ልጅ ያደረገችው ትክክል ነው፤ ኪራይ ያለው ሰው ግብር ይከፍላል። እኔን ሲቆረቁረኝ የቆየው ሌላ ነገር ነው። ያኔ በሚሠራበት በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ፣ የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከኪራዩ ግማሹ ለጥገናና ለእርጅና ተብሎ ይቀነስለት ነበር። ደግ ሕግ ነበር። ነገር ግን ያ ግማሽ የሚቀነሰው ለጠገነውም ላልጠገነውም እኩል ነበር። ሰገነቱን በክብር ያቆመ ሰውና ጣሪያው እስኪዘረጠጥ ዝም ብሎ ኪራይ የሚለቅም ሰው አንድ ዓይነት ይታዩ ነበር። የጠገነው ሰው ያተረፈው ነገር ቢኖር የግንበኛ ዕዳ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ተስፋ አልቆረጥኩም፤ የግብሩ ቢቀር የቅርሱ ወገን ያግዘኛል ብዬ ቅርስ ወደሚመለከተው አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። አንድ ወጣት ባለሙያ፣ እግዜር ይስጠው፣ በማግስቱ ራሱ መጣ። ቤቱን ሲያይ ዓይኑ በራ። ሰገነቱን ፎቶ አነሳ፣ የበሩን መቃን ለካ፣ እናቴን ስለ አያቴ ጠየቃት፤ እሷም ከልቧ አጫወተችው። ቡና ጠጣ፤ በረካውን ሳይጨርስ አልተነሳም። ከዚያ መጥፎውን ነገረኝ፦ «ቤቱ ተጠንቶ መመዝገብ አለበት። እስከዚያ መልኩን የሚቀይር ነገር እንዳትነኩ።»

ግንበኛው ማዕዘኑን ገና መፍታቱ ነው። ቆርቆሮው በዚያ በኩል ተነስቷል። ወሩ ግንቦት ነው።

ይህን ያዘዘው ሕግ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይባላል። ባለሙያው ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ቅርስ በግል እጅ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ በራሱ ወጪ የመንከባከብ ግዴታ አለበት። ለመጠገን ሲፈልግ አስቀድሞ ያስፈቅዳል። ወጪው ከአቅሙ በላይ ከሆነ መንግሥት ከወጪው ከፊሉን ሊረዳው እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል። «ታዲያ ይረዳን?» ስለው አቀረቀረ፤ በጀት የለውም። እኔም አልተጫንኩትም፤ በራሱ ሞተር፣ በራሱ ቤንዚን የመጣ ልጅ ነው። ጉዳዩን ይዞ ወደ ላይ ሄደ፤ ከላይ ያሉትም ባለሙያ እንልካለን አሉ። ባለሙያው ከደሴ እስኪመጣ ደግሞ መንገዱ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ የጉጉፍቱን ጉም ያየ ሰው መዘግየቱን አይፈርድበትም።

ሰማዩ ግን ደብዳቤ አይጠብቅም። ሰኔ ሳይገባ አንድ ሌሊት ዝናቡን አወረደው። ሸራ አልብሰነው ነበር፤ ነፋሱ ሸራውን ገልጦ ወሰደው። በዚያ ሌሊት እናቴ ጠራችኝ። ማዕዘኑ የወረደበትን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ትንሽ ትንሽ ድንጋይ ሲንኮታኮት ቆየና በመጨረሻ የሰገነቱ አንድ ጎን ዘመም አለ። ጎረቤቱ ሁሉ በፋኖስና በባትሪ ወጣ። ቅርሱ ብለው የሚስቁብኝ ሰዎች በዝናብ ውስጥ ላስቲክ ተሸክመው መጡ። ባለ ወፍጮው የእህል መሸፈኛውን አመጣ። ልብስ ሰፊው ያለውን አቡጀዲ ሁሉ አውጥቶ ሌሊቱን በስፌት መኪናው ሰፍቶ አንድ ትልቅ መጋረጃ አደረገው። ጠዋት ባለሙያው ወጣት ደውሎ «መደገፍ ይቻላል፣ እንዳይወድቅ አቁሙት፤ በነበረው ድንጋይ፣ በነበረው ጭቃ ይሁን፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» አለ። ከዚያ ወንፈል ወጣ። ግንበኛው ሽማግሌ መሀል ቆሞ እያንዳንዱን የወደቀ ድንጋይ «ይኼ የታች ነው፣ ይኼ የማዕዘን ነው» እያለ ለየው፤ ጭድ ያለበትን ጭቃ ልጆች ረገጡ፤ ሴቶች ጠላና ንፍሮ አቀረቡ። ማዕዘኑ ቆመ። ዛሬም ቆሟል፤ ሲሚንቶ የሚባል ነገር የለበትም።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንየው፤ ዓይኔን ያበራልኝ ይኸው ሒሳብ ነው። የአሜሪካኑ ሕግ እንዳለ መካነ ሰላም ቢመጣስ? ምድር ቤቱ ያኔ በወር 2 ሺሕ ብር ይከራይ ነበር፤ በዓመት 24 ሺሕ ነው። ግማሹ ለጥገና ሲቀነስ 12 ሺሕ ይቀራል። በያኔው የ2008ቱ አዋጅ የመጀመሪያው 7,200 ብር ግብር አልነበረበትም፤ የቀረው 4,800 ላይ 10 በመቶ ይታሰብ ነበር፤ ግብሩ 480 ብር ነበር። ለእድሳት የወጣው 60 ሺሕ ከሆነ 20 በመቶው 12 ሺሕ ነው። 12 ሺሕ ብር ከ480 ብር ግብር ላይ ሲቀነስ ለማለቅ 25 ዓመት ይፈጃል። አሜሪካኖች እንኳ ያልተጠቀሙበትን ቅናሽ ወደፊት እንዲያስተላልፉ የሚፈቅዱት 20 ዓመት ነው። የትንሽ ከተማ ባለ ቤት የሚቀነስለት ግብር ራሱ የለውም። የግብር ቅናሽ ብዙ ግብር ላለበት ሰው ነው የሚጠቅመው።

ሁለተኛው ችግር ደረሰኝ ነው። ግብር የሚያውቀው ደረሰኝ ነው፤ የእኛ ግንበኛ ደግሞ መለያ ቁጥርም ማህተምም የለውም፤ ያለው እጁ ነው። ወንፈሉ፣ ጠላው፣ ከወደቀው ማዕዘን የተለቀመው ድንጋይ በየትኛው ደረሰኝ ይገባል? ሕጉ ዝም ብሎ ደረሰኝ ካለ ሰው ወደ ሲሚንቶ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ደረሰኝ አለና። ቤቱን ለማዳን የወጣ ገንዘብ ቤቱን ያፍነዋል።

ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ውጣ ውረድ በኋላ የያዝኩት ሐሳብ ይህ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ከግል ቤቶች ኪራይ የሚገኘውን ግብር ለክልሎች ሰጥቷል። ደጅ የሚጠናው አዲስ አበባ አይደለም፤ የክልሉ ምክር ቤት ከፈለገ የሚወስነው ነው። አንደኛ፣ ተመዝግቦ በባለሙያ ምክር የተጠገነ አሮጌ ቤት ያለው ሰው የኪራይ ግብሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይቅርለት። አዲስ ፋብሪካ ለሚተክል ባለሀብት የግብር እፎይታ እንሰጣለን፤ መቶ ዓመት ለተጠጋው ቤት ባለ አደራ ጥቂት ብር መተው አያደኸየንም። ሁለተኛ፣ ወጪው በደረሰኝ ብቻ አይታይ። የከተማው መሐንዲስና የቅርስ ባለሙያው የተሠራውን ግንብ በሜትር ለክተው ዋጋ አውጥተው ይፈርሙ፤ ያ ፊርማ እንደ ደረሰኝ ይቆጠር።

ሦስተኛው ትልቁ ነው። በ2008ቱ አዋጅ ነጋዴ ለሕጋዊ የኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የለገሰው፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ ይቀነስለታል። ተወልዶ ባደገበት ከተማ አንድ አሮጌ ቤት በቀጥታ ላስጠገነ ነጋዴ ግን ምንም አይቀነስለትም። ከመካነ ሰላም፣ ከአቀስታ፣ ከወረኢሉ ወጥተው መርካቶ ላይ የከበሩ ስንት ልጆች አሉን! የልማት ማኅበር ቢሉ ያዋጣሉ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ቆርቆሮ ይገዛሉ። ግብር ያለው እነሱ ዘንድ ነው፤ ቤቱ ያለው እናቴ ዘንድ ነው። የየከተማው አሮጌ ቤቶች ማኅበር ተቋቁሞ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት በሕግ ቢመዘገብ፣ እነሱ ለማኅበሩ የሚሰጡት ከገቢያቸው ይቀነስላቸዋል፤ ለዚህ አዲስ ሕግ እንኳ አያስፈልግም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ጊዜ ስለሌለ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ስንት አሮጌ ቤት እንደፈረሰ አይታችኋል። ባለቤቱ መጠገን አቅቶት ያዘመመ ቤት በራሱ ላይ ምስክር ይሆናል፤ ለማፍረስ የመጣ ሰው ሁኔታውን አይቶ ይኼማ አርጅቷል ይላል። የቆመ፣ የተለሰነ፣ ሰው የሚኖርበት ቤት ግን ለመፍረስ ምክንያት ይጠየቅለታል። እናንተ መርካቶ ያላችሁ የቦረናና የሳይንት ልጆች፣ ለዚህ ክረምት ሳይሆን ለሚመጣው በጋ አስቡበት። ግንበኛው ሽማግሌ ገና ጉልበቱ አለ፤ ሁለት ወጣቶች ከሥሩ አስገብቶ ማሠልጠን እንደሚችልም ነግሮኛል። የሚከፍላቸው ሰው ብቻ ነው የጠፋው። ማኅበሩ የሚቋቋም ከሆነ ማመልከቻውን እኔ እጽፋለሁ፤ ከሥሩም አሰምርበታለሁ።